ዋሻው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ክበቡን እዩት

(ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ የዋሻ ጉዞ ክበብ ለመግባት ለሚያስቡ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጧል። የተቀነሰው ሳልና የወንበር ድምፅ ብቻ ነው።)

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ? አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

በሩ አጠገብ ያለኸው ልጅ፣ እባክህ ዝጋልን። የደብረ ብርሃን ንፋስ ሳይጋበዝ ነው የሚገባው። ጋቢ ለብሳችሁ የመጣችሁ ብልጦች ናችሁ። እኔ ተናጋሪ ነኝ ብዬ ኮት ለበስኩ፤ ይኸው እየተንቀጠቀጥኩ ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ስለወጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በመጀመሪያ ልናዘዝ። የጋበዙኝ ልጆች «የዋሻ ባለሙያ» ብለው ነው ያስተዋወቁኝ። አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስለ ዋሻ ሠላሳ ዓመት በጠመኔ እየሣልኩ አስተምሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የገባሁበት ትልቁ ዋሻ ግን ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ነበር። እሱንም በአውቶቡስ፣ ያውም ተኝቼ።

የምሬን ዋሻ የገባሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ አለች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ልክ ነበረች። ተቸግሮ የዋሻ ክበብ የሚገባ ሰው የለም። አባቶቻችን ዋሻ የገቡት ጠላት ሲመጣ፣ ዝናብ ሲይዛቸው፣ ወይም ዓለምን ሲንቁ ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሳችንን በልተን፣ ቱታ ለብሰን፣ መዋጮ ከፍለን ልንገባ ነው! ስለዚህ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ መጠየቅ ፈሪ አያሰኝም። እኔ የምፈራው ሳይጠይቅ የሚገባውን ነው።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ስለ ዋሻው። ሁለተኛ ስለ ክበቡ። ሦስተኛ ስለ ራሳችሁ። ዋሻውን ቶሎ እጨርሳለሁ። አትሳቁ፤ የተማራችሁብኝ እንዳላችሁ አይቻለሁ።

እሺ፣ ዋሻው።

አማርኛችን ተንኮለኛ ነው። ዋሻና ዋሾ ጎረቤት ናቸው። ስለ ዋሻ ሲያወራ የማይጨምር ሰው አላየሁም። በየሄድኩበት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጎንደር ነው የሚወጣው» ይሉኛል። ሌላው ጋ ስሄድ ላሊበላ ይወጣል። አንድ መንደር ደግሞ አንዲት ፍየል ገብታ በሰባተኛው ቀን አንኮበር ብቅ አለች አሉኝ። «የእናንተ ፍየል መሆኗ በምን ታወቀ?» አልኳቸው። «በቃጭሏ!» መልስ አያጡም። ገባሁ። ሃያ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ከዚያ ግድግዳ። ነዋሪዋ ጃርት ናት። ወስፌ የመሰለው እሾኋ መሬቱ ላይ ተበትኗል፤ አንዱን አንስቼ አየሁት፣ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የተቀባ ይመስላል። መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን እንደመለስኩት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ያ ዋሻ ለምን አጠረ? ይህ የቆምንበት ደጋ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየፈሰሰ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ ቤት የምንሠራበት። ውሃ እንደ ጨው አያሟሟውም። በአንዱ ንጣፍና በሌላው መካከል ግን ለስላሳ አመድና ቀይ አፈር አለ። ያ ለስላሳው ሲሸረሸር ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ወለል ይቀራል። በየገደሉ አፋፍ የምታዩአቸው፣ አፋቸው ሰፊ ሆዳቸው አጭር የሆኑት ዋሻዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው።

ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋይን ውሃ ይበላዋል። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ኮምጠጥ ይላል። ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አምቦ ውሃ አስቡት፤ የሚቆነጥጣችሁ እሱው ነው። ያ ውሃ በስንጥቅ ይገባል። ያሟሟል፣ ያሟሟል፣ ያሟሟል። ስንጥቁ ኮሪደር ይሆናል፤ ኮሪደሩ አዳራሽ ይሆናል። ባሌ ያለውን ሶፍ ዑመርን የወይብ ወንዝ የሠራው እንዲህ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1972 ገብተው ሲለኩት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ከአገራችን ዋሻዎች ረጅሙ እሱ ነው። እንግዲህ ተለክቶ 15 ነው። ጎንደር አይወጣም።

ይህን ሁሉ ለምን ዘበዘብኩ? ክበቡን «የት ነው የምትወስዱን?» ስትሉት «ምርጥ ቦታ!» ካላችሁ አይበቃም። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ወንዝ ይገባበታል? ከናንተ ማን ገብቶ አይቶታል? የደጋው ዋሻ አደጋው ከላይ የሚወርድ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ዋሻ አደጋው ውሃና መንገድ መጥፋት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሌላም ነገር አለ። የኛ አገር ዋሻ ባዶ አይደለም። ባለቤት አለው። ደብረ ሊባኖስ የሄዳችሁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዋሻ ታውቃላችሁ፤ ጠበል የሚጠጣበት፣ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚሳለምበት ነው። ስሙ የገነነ ባይሆንም በየሸለቆው እንዲህ ያለ ዋሻ አለ። አንዱ ባህታዊ ይኖርበታል። አንዱ የመቃብር ቦታ ነው። አንድ ጊዜ በማለዳ፣ የራስ ባትሪያችንን አብርተን፣ እየተሳሳቅን አንድ ዋሻ አፍ ላይ ደረስን። አንድ አባ በርኖሳቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ቀና ብለው ብርሃኑ ዓይናቸው ላይ እስኪያርፍ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ቤት ስትገቡ እንዲህ ነው የምትገቡት?» አሉን። ሁላችንም መብራታችንን አጠፋን። ያን ቀን አልገባንም። ከሰፌዳቸው ቆሎ ሰጡን፤ በልተን ተመለስን። እስካሁን ያ ቆሎ ትዝ ይለኛል፤ ሱፍ ነበረበት።

ደግሞም ዘረት የሚባል ቦታ አለ። ይህን ሳነሳ ድምፄ ከተለወጠ ይቅርታ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አርበኞች ከነሴቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ ከነቁስለኞቻቸው አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ረሸነ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነገሩን እንደገና ለዓለም ያወጣው። አርኪዮሎጂስቶች ኋላ ገብተው ሲያጠኑ የሰው አጽምና የቤት ዕቃ አገኙ። የቤት ዕቃ! ቤተሰብ ነበር የነበረው። እዚያ ሄዶ ሰልፊ እያነሳ «አድቬንቸር» የሚል ክበብ ካለ፣ እኔ አባል አይደለሁም። እናንተም አትሁኑ።

ስለዚህ ስለ ፈቃድ ጠይቁ። ቀበሌውን አናግራችኋል? የአጥቢያውን ካህን አናግራችኋል? ከብት የሚያግዱትን ልጆች አናግራችኋል? ልጆቹን የምለው በቀልድ አይደለም። ጅብ የቱ ጋ እንደሚያድር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዋሻውን ጨረስኩ። ሰዓቴን አታሳየኝ፣ አውቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ ክበቡ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህኛው ነው። የቀረውን ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ልንገራችሁ። በቴሌግራም ያገኘሁት ቡድን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ፈርሷል። አሥራ ሰባት ሰዎች ነን፤ መሪው አንድ። «ምን ልያዝ?» ብዬ ስጠይቅ «ስልክዎ መብራት አለው አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ። አለው። ሄልሜት የለም። ቆጠራ የለም። ገባን። ሰው ሁሉ ፎቶ እያነሳ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ የጫማዬ ክር ተፈታ። ጎንበስ አልኩ። ክሩ ጭቃ ይዞታል፤ ጣቴ ደንዝዟል፤ ሁለት ጊዜ አሰርኩት። ቀና ስል ማንም የለም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ጮክ ብዬ ተጣራሁ። ዋሻ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የራሴ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ የሌላ ሰው መስሎኝ «አቤት!» አልኩ። ለራሴ መለስኩለት! ስልኬን አየሁ፤ ቻርጁ ዘጠኝ ፐርሰንት። አጠፋሁት። ቁጭ አልኩ።

ጠብ። ጠብ። ከሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል። እጄን ፊቴ ላይ አደረግኩት። የማየው መሰለኝ። ይህን ሞክሩት፤ አእምሮ እጅ የት እንዳለ ስለሚያውቅ የሌለ ጥላ ይስላል። ምንም ብርሃን አልነበረም። የምሽት ጨለማ ሌላ ነው፤ ሌሊት ኮከብ አለ፣ የጎረቤት አምፖል አለ። ያኛው ጨለማ ዓይንህን ብትገልጠውም ብትጨፍነውም ያው ነው።

አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ ብርሃን መጣ። አንድ ልጅ ነው። ሊፈልገኝ የመጣ መስሎኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ጃኬቱን ረስቶ ነው የተመለሰው። ጃኬቱን! ተከትዬው ወጣሁ። ሁሉም አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ዳቦ ይበላሉ። መሪው አየኝና ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ከኋላ ወንበር የተኙ መስሎን!»

እስኪ ልጠይቃችሁ። ያ ልጅ ጃኬቱን ባይረሳስ?

ያኔ ቤት ገብቼ «ሁለተኛ አልገባም» ብዬ ነበር። ባለቤቴ ጤፏን አልረሳችም። ግን እያደር ሳስበው የበደለኝ ዋሻው አይደለም። ዋሻው ምንም አላደረገኝም። እዚያው ነበር፤ ያንጠባጥባል። የበደለኝ የማይቆጥር ሰው ነው። ስለዚህ ክበብ ልትገቡ ስትሉ ስለ ዋሻው ውበት ከመጠየቃችሁ በፊት «ስትገቡ ትቆጥራላችሁ? ስትወጡስ?» በሉ። የሚስቅባችሁ ካለ ተነሱና ሂዱ።

ከዚያ «ውጭ ማን ይቀራል?» በሉ። አንድ ሰው፣ ዋሻ አፍ ላይም ይሁን ከተማ፣ የት እንደገባችሁ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ማወቅ አለበት። ያ ሰዓት ካለፈ «ትንሽ ልጠብቅ» አይልም፤ ይደውላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ኬንተኪ፣ ፍሎይድ ኮሊንስ የሚባል ዋሻ እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1925 ብቻውን አንድ ጠባብ ዋሻ ገባ። ሲመለስ አንድ ድንጋይ ወርዶ እግሩን ያዘው። ድንጋዩ ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ ነበር። ብቻውን ስለነበር ወዲያው ለእርዳታ የሚሮጥለት አልነበረም። በማግስቱ ተገኘ፤ ምግብም አደረሱለት፤ ሊያወጡት ግን አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እዚያው ሞተ። ጎበዝ ነበር፤ ከናንተም ከኔም ይበልጥ ጎበዝ።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ክበቦች ከአራት ሰው በታች አንገባም የሚሉት። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አጠገቡ ይቀራል፤ ሁለቱ ለእርዳታ ይወጣሉ። ሁለት የሚወጡት አንዱ መንገድ ላይ ብቻውን እንዳይሆን ነው። መብራትም በሰው ሦስት ነው። አንዱ ሄልሜት ላይ፤ ሁለቱ መጠባበቂያ። «ሦስት ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይወድቃል። አይቻለሁ። ስልክ አይቆጠርም!

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ እዚህ ተቀምጣለች፣ ታፍራለች። ከዚያ መጥፎ ጉዞ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሌላ ቡድን ነው። መሪዋ እሷ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጀማ በኩል ወርደናል፤ ሦስት ሰዓት በእግር። ጉልበቴ አልቋል። ዋሻው አፍ ላይ ደረስን፤ ሄልሜት አጠለቅን። እሷ ሰማዩን ታያለች። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ሩቅ፣ ደጋው ላይ፣ ትንሽ ደመና አለ። ጥቁር እንኳ አይደለም። «ዛሬ አንገባም» አለች።

ሰው አጉረመረመ። እኔ ዋናው ነበርኩ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!» አልኳት። «ጋሼ፣ ውሃው ከዚህ አይነሳም፤ ከዚያ ነው የሚነሳው» አለች። ጂኦግራፊ ሠላሳ ዓመት ላስተማርኩት ለኔ! ደራሽ ውሃ ለሸዋ ሰው አዲስ አይደለም። ከብት ስንት ጊዜ በልቷል። ወንዙ ዳር ቆመህ ዝናብ ሳታይ ትወሰዳለህ። ዋሻ ውስጥ ደግሞ የምትሸሽበት ዳገት የለም።

ሦስት ሰዓት ወደ ላይ ወጣን። እና ዝናቡስ? አልዘነበም። ጠብ አላለም! ደመናው ተበትኖ ጠፋ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ አኮረፋት። እኔም። አሁን ሳስበው ግን ልክ ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ደመና ቢመጣ ያው ነው የምትለው። እኔም ከሷ ጋር ነው የምሄደው። ክበብ ስትመርጡ ስንት ዋሻ እንደገቡ አትጠይቁ። ስንት ጊዜ ደጅ ደርሰው እንደተመለሱ ጠይቁ። «ተመልሰን አናውቅም» የሚላችሁን ሽሹት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አሥራ ሁለት ልጆች ከእግር ኳስ አሰልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ዋሻ ገቡ፤ ዝናብ መጣ፤ ውሃው ዘጋባቸው። ዘጠኝ ቀን አልፎ ነው የተገኙት። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሳማን ኩናን የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ግን ለማዳን ሲሞክር ሞቷል። ልጆቹን መጀመሪያ ያገኟቸው እነማን ናቸው? ሁለት እንግሊዛውያን። ሪክ ስታንተን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ጆን ቮላንተን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የዋሻ ጠለቃ የቅዳሜና እሁድ ነገራቸው ነበር። እንደናንተ ክበብ ውስጥ፣ ከጀማሪነት የተነሱ ሰዎች ናቸው። ይህን የምለው ክበብ የጨዋታ ነገር ብቻ ነው የሚሉ ስላሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ራሳችሁ። ይሄ አጭር ነው።

ጠባብ ቦታ ያስጨንቃችኋል? ቤት ውስጥ ፈትኑት። አልጋ ሥር ግቡና አምስት ደቂቃ ተኙ። አትሳቁ፣ እኔ አድርጌዋለሁ፤ ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ከጨነቃችሁ ነውር አይደለም። ሰፊ ዋሻም አለ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ ለሐኪማችሁም ለመሪያችሁም ንገሩ። መደበቅ ሌላውን መጉዳት ነው። ብርዱንም አትናቁ። ዋሻ ውስጥ ያለው ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል። ሶፍ ዑመር ይሞቃል። የኛው ግን ያው የኛው ነው፤ እርጥብ ልብስ ለብሳችሁ አንድ ሰዓት ከተቀመጣችሁ ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል። ጥጥ ልብስ ከረጠበ አይደርቅም። የመንዝ ሱፍ ይሻላል፤ በጎቻችን ለከንቱ አልተላጩም።

የሌሊት ወፍ። ሁሌ ይጠየቃል። ፀጉር ውስጥ አትገባም፤ ተረት ነው። የሚያሰጋው ኩሷ ነው። ደረቅ ኩስ ሲረገጥ ይቦናል፤ አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖር ይችላል። ከዋሻ መልስ ሳልና ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ «ዋሻ ገብቼ ነበር» በሉ። ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? የሌሊት ወፍ የበዛበት ዋሻ ደግሞ ለጀማሪ አይደለም። ኬንያ፣ ኤልጎን ተራራ ላይ፣ ኪቱም የሚባል ዋሻ አለ። ዋሻውን ከጎበኙ በኋላ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980 አንዱ በ1987፣ በማርበርግ ቫይረስ ታመው ሞተዋል። ላስፈራራችሁ አይደለም። ክበባችሁ ስለዚህ ሲጠየቅ ትከሻውን የሚሰብቅ ከሆነ ግን እወቁት።

ገንዘብ። ምንም አትግዙ! ምንም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉዞዎች ተውሳችሁ ሂዱ። ሄልሜትና የራስ ባትሪ ክበቡ ካላዋሰ ሌላ ክበብ ፈልጉ። ጫማ ብቻ የራሳችሁ ይሁን፤ ሶሉ የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን። ሁሉን ገዝቶ አንድ ጊዜ ገብቶ የተወ ሰው አውቃለሁ። ሄልሜቱን አሁን ሚስቱ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።

አራተኛም አለ፤ ረስቼው። የጃርቷ እሾህ። ለምን መለስኩት? ክበቡ ሕግ አለው፤ ከዋሻ ምንም አይወጣም። ድንጋይ አይወጣም፣ አጥንት አይወጣም፣ ገል አይወጣም። ከጣሪያ የተንጠለጠለች የጣት ርዝመት ያላት የኖራ ድንጋይ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ ዓመት የፈጀች ናት። ሰብሮ ቤት የወሰደ ሰው አቧራ የጠጣች ድንጋይ ነው ያለው። ደግሞ አንድ እሾህ ከወጣ ነገ «ወርቅ አገኙ» ይባላል። ይህን ስቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሌሊት ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ለዚህ ነው ክበቡ የዋሻውን ቦታ ፌስቡክ ላይ የማይለጥፈው። ፎቶ ለጥፉ፤ ቦታውን ግን ለራሳችሁ ያዙት።

በቃ። ጥያቄ?

እሺ፣ እዚያ ጋ፣ ነጠላ የለበሱት እናት። ይናገሩ እትዬ፣ ማይኩን ስጧቸው።

(«ልጄ ትግባ ትላለች። ሃያ ዓመቷ ነው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ልልካት ወይ?»)

እትዬ፣ ጥያቄዎን ወደድኩት። እኔ ላኳት ብዬ ወደ ቤቴ ሄጄ እተኛለሁ፤ የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት። እንግዲያው አንድ ነገር ልበልዎ። የፊታችን ቅዳሜ የጀማሪዎች ጉዞ ነው። አጭር ዋሻ ነው፤ ወንዝ የለውም፤ ካህኑም ቀበሌውም ያውቃሉ። አሥራ ሁለት ሰው ነን። ውጭ የሚቀር ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም። ወጣቶቹ ሁሉ መግባት ነው የሚፈልጉት። እርስዎ ይምጡልን። በአውቶቡስ ነው፣ እግር ብዙም የለው። ጋቢዎን ይያዙ፣ ሻይ በፔርሙዝ እናመጣለን። ስማችን የተጻፈበት ወረቀት እንሰጥዎታለን፤ ስንገባ ይቆጥሩናል፣ ስንወጣ ይቆጥሩናል። ለማን እንደሚደውሉ ስልኩ ከታች ተጽፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልወጣን ይደውላሉ።

(«ዘጠኝ ሰዓት ድረስማ አልታገሥም። ስምንት ተኩል ላይ ነው የምደውለው።»)

መዝግቧቸው!